የእናቴ ሲኒዎች

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ የምቀዳው ደሴ ሆኜ ነው፣ እናቴ ቤት። የጦሳን ተራራ ጉም ሸፍኖታል፣ ዝናቡም ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ድምፁ ከገባ ይቅርታ።

ስላሳፈረኝ ኮድ ላውራችሁ። ለአንድ ወዳጄ የጉዞ መተግበሪያ እየሠራሁ ነው። መንገዱ በአንድ አሬይ፣ ማለትም በተራ በተቀመጠ ዝርዝር፣ ተደርድሯል፦ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ፣ ሸዋ ሮቢት፣ ደብረ ሲና፣ ደብረ ብርሃን፣ አዲስ አበባ። 7 ናቸው። ለመልሱ ጉዞ ይኸንኑ መገልበጥ ነው። ኮዱን የምጽፍበት ቋንቋ፣ ፓይተን፣ ለዚህ የራሱ ትእዛዝ አለው፣ አንድ መስመር አይሞላም። እኔ ግን፣ ጉራ አይደል፣ በእጄ እሠራዋለሁ አልኩ። የመጀመሪያውን ከመጨረሻው፣ ሁለተኛውን ከስድስተኛው እያለ የሚያቀያይር ሉፕ፣ ማለትም አንድን ሥራ የሚደጋግም ኮድ፣ ጻፍኩና ከዳር እስከ ዳር አስኬድኩት።

ውጤቱ? ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ... ምንም እንዳልተነካ! ስህተት አለ ብሎ የሚጮህም የለ። ለሁለት ሰዓት አፈጠጥኩበት።

እናቴ ቡና ልታፈላ ሲኒ አቅርባለች። 7 ሲኒ ከረከቦቱ ላይ አነሳሁና ምንጣፉ ላይ ደረደርኳቸው። ከንፈሩ የተሸረፈው ግራ ዳር፣ ወርቃማ ቀለሙ የለቀቀው ቀኝ ዳር። ኮዴ እንደሚለው ማቀያየር ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሰልፉ ተገለበጠ፤ የተሸረፈው ቀኝ ዳር ደረሰ። አራተኛው መሃል ላይ ነው፣ ከራሱ ጋር ይቀየራል፤ ከንቱ ድካም። አምስተኛውን ከሦስተኛው ስቀይር እጄ ቆመ። እነዚህን እኮ አሁን ቀይሬያቸዋለሁ! እስከ ሰባተኛው ስጨርስ የተሸረፈው ግራ ዳር ተመልሶ ቁጭ።

እናቴ ከጀበናው ቀና አለች።

«አብሽር ልጄ፣ እንደነበረ መለስከው አይደል?»

«እሱ ነው እኮ ችግሩ፣ እማዬ!»

ግማሽ ላይ ማቆም ነበረብኝ። 7ን ለ2 አካፍሎ ቀሪውን መጣል፦ 3 ልውውጥ ብቻ። አስተካከልኩትና ሠራ።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። የመሄጃውን ጉዞ ገጽ ብከፍት መነሻው አዲስ አበባ ሆኗል። የገለበጥኩት ዋናውን አሬይ ራሱን ነዋ! መጀመሪያ ቅጂ አውጥቼ ቅጂውን መገልበጥ ነበረብኝ። የፓይተኑም የመገልበጫ ትእዛዝ፣ ሪቨርስ፣ ዋናውን ነው የሚገለብጠው፤ ይባስ ብሎ የሚመልሰው ዝርዝር ሳይሆን «ምንም» ነው። ውጤቱን በዚያው ስም ከተቀበላችሁት መንገዱም ቀረ፣ መልሱም ቀረ።

አቦሉ ደርሷል፣ እየጠራችኝ ነው። የተሸረፈው ሲኒ ደግሞ የኔ ነው።