ዘር የተበላ ቀን

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልን፣ የደሴ ሰዎች! ችግኙ ጦሳ ተራራ ሥር ይጠብቀናል፣ የሐምሌ ዝናብም ቀጠሮ አያከብርም። ብዙ አላቆያችሁም። ግን ይህን ሳልናገር ዶማ አልይዝም።

ሰሞኑን ስብሰባ ላይ አንድ ባለሙያ "የአየር ንብረት ለውጥ ቀስ በቀስ የሚመጣ ነው፣ ጊዜ አለን" ሲል ሰማሁ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

እኔ የለጋምቦ ገበሬ ልጅ ነኝ። አገራችን የበልግ አገር ነው። በ1976 አሥር ዓመቴ ነበር። የካቲት አለፈ፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። አባዬ ማታ ማታ ደጅ ወጥቶ ሰማዩን ያያል፤ ጠዋት የዘሩን ገብስ ከጎታው ያወጣል፣ በእጁ ይዘግነዋል፣ መልሶ ያስገባዋል። መጋቢትም እንዲሁ አለፈ። ሚያዝያ ላይ አንድ ምሽት ቤቱ ቆሎ ቆሎ ሸተተ። እኔና እህቴ ደስ ብሎን ተሻምተን በላን። አባዬ አልቀመሰም። እናታችን ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ ነበር። ዘሩ መሆኑን ያወቅኩት ኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ቢዘንብስ ምን ይዘራል? በሬዎቹ በፍየል ዋጋ ሄዱ። በ1977 ጥቅምት እዚሁ ደሴ መንገድ ዳር ተኝተን ነበር። ከእናንተም ያበላን አለ።

ምድርም እንዲህ ናት፤ ሁልጊዜ ቀስ በቀስ አትለወጥም፣ በድንገትም ትገለበጣለች። ጣና ከ16,000 ዓመት በፊት ገደማ ደርቆ ነበር፤ የሐይቁ ደለል ይመሰክራል። ያኔ ግዙፍ የበረዶ ክምር ወደ ሰሜን አትላንቲክ ተናደ፣ ሙቅ ውሃ ወደ ሰሜን የሚወስደው የውቅያኖስ ጅረት ደከመ፣ ዝናባችንም አብሮ ሸሸ ይላሉ ተመራማሪዎች። ግሪንላንድ ደግሞ ከ11,700 ዓመት በፊት በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ሞቃለች። ያው ጅረት በዚህ ክፍለ ዘመንም እንደሚዳከም ይጠበቃል።

ታዲያ ጊዜ ያለው ለማን ነው? አንድ በልግ ሲቀርበት ዘሩን ቆልቶ ለልጆቹ ለሚሰጥ ገበሬ? አማካይ አትቁጠሩልን! በአማካይ ዝናብ ገብስ በቅሎ አያውቅም! በየቀበሌው የዘር ጎተራ ይሠራልን፤ በጥጋብ ዓመት የሚሞላ፣ ቁልፉም በገበሬው እጅ የሚሆን። ዘሩ ከተበላ በኋላ የሚመጣ እርዳታ ነፍስ ያቆያል እንጂ እርሻ አይመልስም። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ!

ስለ ችግኙ፣ ፍየል እንዳይደርስበት ይታጠር፣ በበጋ ውሃ ይጠጣ። ሌላውን ታውቁታላችሁ።

ለዘር ጎተራው የምንፈርምበት ወረቀት እኔ ጋ አለ። ተከላው ሲያልቅ እዚሁ እጠብቃችኋለሁ።