240 ደቂቃን ማከፋፈል፦ ስለ ቅርጫት ኳስ አሰላለፍና ቅያሪ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች በሙሉ ስለ ኤንቢኤ (የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ) ቡድኖች አሰላለፍና ቅያሪ ናቸው። ጨዋታው 4 ኳርተር፣ እያንዳንዱ ኳርተር 12 ደቂቃ ነው። ሜዳ ላይ ሁልጊዜ 5 ሰው ስላለ አሰልጣኙ በአንድ ምሽት የሚያከፋፍለው 240 የተጫዋች ደቂቃ ይኖረዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምደግፈው ቡድን ውስጥ ከቋሚዎቹ ከሁለቱ የተሻለ የሚያስቆጥር ልጅ አለ፤ ግን ሁልጊዜ ከወንበር ተነስቶ ነው የሚገባው። አሰልጣኙ ጠልቶት ነው?

መልስ፦ በመነሻው አሰላለፍ አይፍረዱ። ሁለት ነገር ይቁጠሩ፦ ስንት ደቂቃ እንደተጫወተ፣ የመጨረሻዎቹን 5 ደቂቃዎችም ሜዳ ላይ መሆኑን። 28 ደቂቃ ተጫውቶ ጨዋታውን የሚጨርስ ተቀያሪ፣ ጀምሮ በ18 ደቂቃ ከሚቀመጠው ቋሚ ይልቅ የታመነ ነው። ማኑ ጂኖቢሊ በ2008 የዓመቱ ምርጥ ተቀያሪ ተብሎ ሲሸለም፣ ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ በጭንቅ ሰዓት ኳሱን ከሚሰጣቸው አንዱ እሱ ነበር። ነገሩ ቀላል ነው፤ ያለው ኳስ አንድ ብቻ ነው። ኳስ ይዘው የሚፈጥሩ ሦስት ሰዎች አብረው ከጀመሩ ሦስተኛው ጥግ ላይ ቆሞ ተመልካች ይሆናል። ከተቀያሪዎቹ ጋር ሲገባ ግን ኳሱ የሱ ነው።

መነሻው መለወጥ ያለበት፣ ያው አምስት ሰው የጨዋታውን የመጀመሪያ 6 ደቂቃ ደጋግሞ ሲሸነፍ ነው። በ2015 ፍጻሜ ክሊቭላንድ ጎልደን ስቴትን በጨዋታ 2 ለ 1 ሲመራ፣ የጎልደን ስቴቱ አሰልጣኝ ስቲቭ ከር በአራተኛው ጨዋታ ሴንተሩን (ቀለበቱ ሥር የሚጫወተውን ረጅም ሰው) አንድሩ ቦገትን አስቀምጦ አንድሬ ኢጎዳላን አስጀመረ። ኢጎዳላ በመደበኛው ውድድር አንድም ጨዋታ አልጀመረም ነበር። ቡድኑ ተከታታይ ሦስት አሸንፎ ዋንጫውን ሲወስድ የፍጻሜው ኮከብ ተባለ። እንዲህ ያለ ቅያሪ ዋጋ ያስከፍላል፦ ረጅሙ ሰው ከወጣ ጋርዶቹም (ኳስ የሚያመላልሱት አጫጭሮቹ) ጭምር ወደ ቀለበቱ ገብተው ሰው ካልከለከሉ፣ ተጋጣሚው የሳተውን ኳስ መልሶ ያስቆጥራል።

ጥያቄ፦ ቡድናችን በ10 ነጥብ ይመራል። ሁለተኛው ኳርተር ሲጀምር ሁለቱም ኮከቦች ወንበር ላይ ናቸው፤ ልዩነቱ ይቀልጣል። ለምን አንድ ላይ ያርፋሉ?

መልስ፦ ማረፋቸው ግድ ነው፤ አንድ ላይ ማረፋቸው ግን ምርጫ ነው፣ እኛም አብዛኛውን ጊዜ አንደግፈውም። እያንዳንዳቸው 36 ደቂቃ ቢጫወቱ፣ እያንዳንዳቸው 12 ደቂቃ ያርፋሉ። አንድ ላይ ካረፉ ቡድኑ ለ12 ደቂቃ ያለ ኮከብ ይቀራል። ተራ በተራ ካረፉ 24 ደቂቃ አብረው፣ 24 ደቂቃ ደግሞ አንዳቸው ብቻ ይጫወታሉ፤ ባዶ የሚሆን ደቂቃ የለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። «ሀ» ያልነው ኮከብ የመጀመሪያውን ኳርተር ሙሉውን ይጫወትና ሁለተኛው ሲጀምር ይቀመጣል፣ 6 ደቂቃ ሲቀር ይመለሳል። «ለ» ደግሞ በመጀመሪያው ኳርተር 6 ደቂቃ ሲቀር ይወጣና ሁለተኛውን ሙሉውን ይጫወታል። ሁለቱም 18፣ 18 ደቂቃ ሆነላቸው። ከእረፍት በኋላ ይኸው ይደገማል፤ የመጨረሻዎቹን 6 ደቂቃዎች አብረው ይጨርሳሉ። ስቴፈን ከሪ በስቲቭ ከር ሥር ለዓመታት አንደኛውንና ሦስተኛውን ኳርተር ሙሉውን ይጫወት የነበረው እንደ «ሀ» ነው። ሂውስተን በ2017-18 65 ጨዋታ ሲያሸንፍም ጄምስ ሃርደንና ክሪስ ፖልን ያፈራርቅ ነበር።

የቀረው 168 ደቂቃ ነው። ሦስቱ ቋሚዎች 32፣ 32 ከወሰዱ 72 ይተርፋል፤ ለአራት ተቀያሪዎች 24፣ 20፣ 16 እና 12 ይደርሳል። አሥረኛ ሰው ለማስገባት የሚፈልግ አሰልጣኝ ከባለ 12ቱ ላይ ነው የሚቀንሰው፤ ያኔ ሁለቱም ሰውነታቸው ሳይሟሟቅ ይወጣሉ።

የሚበላሸው የት ነው? አንደኛ፣ 12 ተከታታይ ደቂቃ የማይችል ሰው አለ። ውርወራው አጥሮ የቀለበቱን ፊት መምታት ከጀመረ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ለመከላከልም ካዘገመ እግሩ አልቋል፤ 3 ደቂቃ ቀደም ብሎ ይውጣ። ሁለተኛ፣ እና ብዙዎች የሚስቱት ይኼን ነው፣ «ለ» የተቀበለውን የሚያስቆጥር ሴንተር ከሆነ ብቻውን መተው ፋይዳ የለውም። ኳስ የሚያደርስለት ጋርድ አብሮት መኖር አለበት። ማፈራረቅ በስም አይሁን፣ በሥራ ይሁን፦ ኳስ ይዞ የሚፈጥር አንድ ሰው ሁልጊዜ ሜዳ ላይ ይኑር።

ጥያቄ፦ ቅያሪው ሁልጊዜ 6 ወይም 7 ደቂቃ ሲቀር የሚሆነው ለምንድን ነው?

መልስ፦ በየኳርተሩ ሁለት የግዴታ ታይም አውት (አጭር የጨዋታ ማቋረጫ) አለ፤ ሰዓቱ ከ7 ደቂቃ፣ ከዚያም ከ3 ደቂቃ በታች ከወረደ በኋላ ጨዋታው መጀመሪያ ሲቆም ይወሰዳሉ። አሰልጣኞች ዕቅዳቸውን በእነዚህ ላይ ያስራሉ። ጨዋታው ካልቆመ ተቀያሪው የመዝጋቢዎቹ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ትንሽ ቀደም አድርጎ መላክ ነው።

ጥያቄ፦ ሴንተራችን በመጀመሪያው ኳርተር ሁለት ፋውል ሠርቶ እስከ እረፍት ተቀመጠ። በመጨረሻ ጨዋታውን በ3 ፋውል ጨረሰ። ይህ ብክነት አይደለም?

መልስ፦ ነው። ከጨዋታ የሚያስባርረው ስድስተኛው ፋውል ሊመጣም ላይመጣም ይችላል፤ ወንበር ላይ ያለፈው ደቂቃ ግን በእርግጠኝነት ሄዷል። የተለመደው መመሪያ የፋውሉ ቁጥር ከኳርተሩ ቁጥር በአንድ ሲበልጥ ማስወጣት ነው፦ በመጀመሪያው 2፣ በሁለተኛው 3። ለጥቂት ደቂቃ አውጥቶ ማረጋጋት ክፋት የለውም። እስከ እረፍት ማቆየት ግን ሳይባረር ማባረር ነው። ሲመለስ የሚከላከለውን ሰው ይቀይሩለት፤ ኳስ ከማይይዘው፣ ጥግ ከሚቆመው ጋር ይሁን። ተጋጣሚው አዋቂ ከሆነ ያንኑ ሰው ጠርቶ ግርዶሽ እንዲሠራ (የተከላካዩን መንገድ በሰውነቱ እንዲዘጋ) በማድረግ ሴንተሩን መልሶ ወደ ኳሱ ይጎትተዋል፤ ስለዚህ ጋርዶቹ ከግርዶሹ በታች ማለፍን አስቀድመው ይለማመዱ። (ዓለም አቀፉ ጨዋታ 40 ደቂቃና 5 ፋውል ነው። ለአንድ ፋውል የሚደርሰው በሁለቱም ሕግ 8 ደቂቃ ነው።)

ጥያቄ፦ አንድ አምስት (አብሮ የሚጫወት አምስት ሰው) በ100 ደቂቃ ውስጥ እጅግ ጥሩ የፕላስ ማይነስ ቁጥር (እነሱ ሜዳ ላይ ሳሉ ቡድኑ ያስቆጠረውና የተቆጠረበት ነጥብ ልዩነት) አለው። ለምን አብዝቶ አይጫወትም?

መልስ፦ 100 ደቂቃ ብዙ ይመስላል፤ ለእያንዳንዱ ወገን ግን 200 ያህል ማጥቃት ብቻ ነው። በዚያ ውስጥ ተጋጣሚ 80 የሦስት ነጥብ ኳስ ወረወረ እንበል። 36 በመቶ ቢያገባ 29 ኳስ፣ 30 በመቶ ቢያገባ 24 ኳስ ይሆናል። የ5 ኳስ ልዩነት 15 ነጥብ ነው፤ በ100 ማጥቃት ሲሰላ 7.5። ያ ሁሉ ልዩነት የተከላካዮቹ ጉብዝና ላይሆን ይችላል፤ ወርዋሪዎቹ ስተው ነው። ደግሞ ከ10 ተጫዋቾች 252 የተለያዩ አምስቶች ይወጣሉ፤ አንዱ በዕድል ማማሩ አይቀርም።

የተሻለው መንገድ ሁለት ሁለት ወይም ሦስት ሦስት ሰው አብሮ ሲጫወት ማየት ነው፣ ደቂቃው ይበዛልና። ውጤቱ ካለቀለት በኋላ የተጫወቱትን ደቂቃዎች ያውጡ። ከዚያ ቶሎ የማይዋዥቀውን ይመልከቱ፦ ስንት ሪባውንድ (ተስቶ የተመለሰ ኳስ) ያዙ፣ ስንት ኳስ አበላሹ፣ ተጋጣሚ ቀለበቱ ሥር ስንት ጊዜ ደረሰ።

ጥያቄ፦ 40 ሰከንድ ሲቀር ወርዋሪያችን አስቆጠረ፤ ወዲያው በሱ ላይ ተቆጠረብን። ለምን በተከላካይ አልተቀየረም?

መልስ፦ ሕጉ አይፈቅድም። በኤንቢኤ ከሜዳ ኳስ ከገባ በኋላ፣ ታይም አውት ወይም ፋውል ካልተገኘ ቅያሪ የለም፤ በመጨረሻዎቹ 2 ደቂቃዎች ሰዓቱ ቢቆምም እንኳ። ለዚህ ታይም አውት መቆጠብ ያስፈልጋል፦ በጨዋታው 7 አለ፣ ወደ አራተኛው ኳርተር የሚሻገረው ቢበዛ 4፣ ከመጨረሻው 3 ደቂቃ ወዲህ ደግሞ ቢበዛ 2። ቡድንዎ የቅጣት ውርወራ ካገኘ ተከላካዩ ከመጨረሻው ውርወራ በፊት ይግባ፤ ኳሱ ቀለበት ውስጥ ከገባ በኋላ በሩ ተዘግቷል። ታይም አውት ካለቀ ደግሞ ደካማውን ተከላካይ ሜዳ ላይ ትቶ፣ በግርዶሽ ላይ ሰው ሳይቀያየር እንዲጫወት ማዘዝ ነው የሚቀረው።