ሳይበቅል፣ ሳይበሰብስ፣ ሳይሰረቅ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮች። የዛሬው ጨዋታ ስለ ትንንሾቹ አጥቢ እንስሳት ነው፤ በረዶው ወራት ሙሉ በማይነሣበት አገር ምን በልተው እንደሚዘልቁ። «ይለቅማሉ፣ ይቀብራሉ፣ ኋላ ያወጣሉ» ሲባል ቀላል ይመስላል። ለእኔ ግን ዋናው ሥራ የሚጀምረው ከተለቀመ በኋላ ነው። የተቀመጠ ነገር ይበቅላል፣ ይበሰብሳል፣ ይሰረቃል።

ከግራጫው ስኩዊረል፣ ጭራው ጎፈሬ ከሆነው ትንሽ የዛፍ እንስሳ፣ ልጀምር። ዋሽንግተን፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ ያላችሁ በየጓሯችሁ ታውቁታላችሁ። ጥቅምት ላይ የኦክ ዛፍ ፍሬ ሲረግፍ አንድ አንዱን እየወሰደ፣ ጥቂት ሴንቲ ሜትር እየቆፈረ ይቀብራል። ፍሬው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የቀይ ኦክ ፍሬ ብርዱን ሳያሳልፍ ስለማይበቅል እስከ ጸደይ አፈር ውስጥ እንዳለ ይቆያል። የነጭ ኦክ ፍሬ ደግሞ በወደቀ በጥቂት ሳምንት ሥር ይሰዳል፤ ያኔ በውስጡ የነበረው ምግብ ወደ ሥሩ ይወርዳል። ስኩዊረሉ ጥር ላይ ቢቆፍር የሚጠብቀው ቅርፊት ነው።

ስለዚህ ቀዩን ይቀብራል፣ ነጩን በብዛት እዚያው ይበላል። ነጩን ማቆየት ሲፈልግ የሚያደርገውን ተመልከቱ፦ በሁለት እጁ ይዞ ያሽከረክረዋል፣ ሹሉን ጫፍ ወደ አፉ ያዞራል፣ በፊት ጥርሱ ቅርፊቱን ነክሶ ሽሉን ቆርጦ ያወጣና ከዚያ ይቀብረዋል። ሽል የሌለው ፍሬ አይበቅልም፤ ለወራት ይቆይለታል። ነቀዝ የገባበትን ግን ለማስቀመጥ አይደክምም፣ ከነትሉ ይበላዋል። ሌላ ስኩዊረል ካየው ደግሞ ጉድጓዱን ቆፍሮ አፈሩን ይመልሳል፤ ፍሬው ግን አፉ ውስጥ ነው!

የካናዳና የአላስካው ቀይ ስኩዊረል ሌላ ችግር አለበት። ምግቡ የስፕሩስ ዛፍ ፍሬ ነው፤ ይህ ፍሬ ሲደርቅ ቅርፊቶቹ ይከፈቱና ዘሩን ነፋስ ይወስደዋል። እንስሳው ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ቆርጦ ይጥልና እርጥብ፣ ቀዝቃዛ ክምር ውስጥ ይከተዋል። እንጉዳይ ሲያገኝ ግን ቅርንጫፍ ላይ ሰቅሎ ያደርቀዋል። አንዱን በእርጥበት፣ ሌላውን በድርቀት ማቆየት፣ እኔን ይደንቀኛል።

በሮኪ ተራሮች የሚኖረው ፒካ፣ የጥንቸል ዘመድ ነው፤ ክረምቱን አይተኛም፣ ከድንጋዮች ሥር ድርቆሽ ይከምራል። ተመራማሪዋ ዴኒስ ዲሪንግ በ1990ዎቹ ኮሎራዶ ውስጥ እንዳሳየችው፣ በበጋ የማይበላውን፣ ፊኖል የሚባል ጎጂ ኬሚካል የበዛበትን ተክል ነው በብዛት የሚያከማቸው። ኬሚካሉ ድርቆሹን ከመበስበስ ይጠብቃል፤ ወራት ሲያልፉ ራሱ ይቀንስና ተክሉ የሚበላ ይሆናል።

ጎተራቸው ገላቸው የሆኑትም አሉ። የአላስካው የመሬት ስኩዊረል በስቡ ብቻ ከሰባት ወር በላይ ይተኛል። ብራያን ባርንስ በ1989 ያሳተመው ጥናት የሰውነቱ ሙቀት እስከ −2.9 ዲግሪ ሴልሺየስ እንደሚወርድ አሳይቷል፤ ያም ሆኖ ደሙ በረዶ አይሆንም። በዚህ ሁኔታ የሚያወጣው ጉልበት እጅግ ትንሽ ነው። ስቡን የሚጨርሰው መንቃቱ ነው። በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ይነቃና ወደ 36 ዲግሪ ይሞቃል፤ አንድ ቀን ሳይሞላው ተመልሶ ይተኛል። ማሞቂያው ቡናማ ስብ ነው፤ ይህ ስብ ያለ መንቀጥቀጥ በቀጥታ ሙቀት ያመነጫል። ከክረምቱ ስንቅ አብዛኛው የሚያልቀው በእነዚህ አጫጭር ንቃቶች ነው።

እዚህ ላይ ነው የሌሊት ወፎቹን ጉዳት መረዳት የሚቻለው። ነጭ አፍንጫ የሚባለው፣ በፈንገስ የሚመጣው በሽታ መጀመሪያ የታየው በ2006 ኒው ዮርክ ውስጥ ነው። ፈንገሱ ክንፋቸውን እየበላ ከእንቅልፋቸው ቶሎ ቶሎ ይቀሰቅሳቸዋል፤ 10 ግራም ገደማ የምትመዝን የሌሊት ወፍ ይህን ያህል ትርፍ ስብ ከየት ታመጣለች? የምትበላቸው ትንኝና መሰል ነፍሳት በጸደይ ከመውጣታቸው በፊት ስንቋ ያልቃል። ፈንገሱ በሰው ጫማና ዕቃም ይጓዛል። ዋሻ ገብታችሁ ከወጣችሁ ጭቃውን መጀመሪያ አራግፉና እጠቡ፣ ጭቃው ፈንገሱን ከሙቀቱ ይከልለዋልና፤ ከዚያ ሙቀት የሚችለውን ዕቃ ቢያንስ 55 ዲግሪ በሆነ ውሃ ውስጥ ለ5 ደቂቃ ሙሉ በሙሉ አጥልቁት። በክረምት ግን የሌሊት ወፎቹ የተኙበት ዋሻ ውስጥ ጭራሽ አለመግባት ነው፤ የባትሪ ብርሃንና ወሬም ይቀሰቅሳቸዋል።