26 ዶላር ለምን አላዋጣም? ስለ ምርታማነት እና ተወዳዳሪነት

ሰላም ሰላም! እንዴት ናችሁ? ዛሬ ስለ ምርታማነት ነው የምናወራው። አውቃለሁ፣ ቃሉን ስትሰሙ የስብሰባ አዳራሽ፣ የታሸገ ውሃና የማያልቅ ንግግር ነው ትዝ ያላችሁ። ቆይ፣ አትሂዱ። ነገሩ የኪስ ጉዳይ ነው። የደሞዝ ጉዳይ ነው። በ2019 አንዱ አገር ያለች ልብስ ሰፊ በወር 26 ዶላር ታገኝ ነበር። ሌላ አገር ያለችው 95 ዶላር። ታዲያ ፋብሪካው ለምን ተጠራርጎ ወደ 26ቱ አይሄድም? ለምንስ ሄዶ ይመለሳል? የዛሬው ጥያቄ ይሄ ነው። የምጠራቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በፈረንጅ ናቸው፣ እንዳንጣላ።

እኔ ይህን ነገር የማስረዳው በእንጀራ ነው። ሁሌም በእንጀራ ነው። የቆያችሁ ተከታታዮች "ምጣዱን ጣደ ደግሞ" እያላችሁ ነው። ምን ላድርግ፣ የተሻለ አላገኘሁም!

ሁለት እንጀራ ጋጋሪዎች አስቡልኝ። ግቢው አንድ፣ ጤፉ አንድ፣ ሁለቱም ለምግብ ቤት ያስረክባሉ። የመጀመሪያዋ በእንጨት ነው የምትጋግረው። ሌሊት 10 ሰዓት ትነሳለች። እንጨቱ እርጥብ ነው። ጭሱ ያስለቅሳል። እሳቱ አንዴ ይነዳል፣ አንዴ ይከስማል። ምጣዱ ሲግል እንጀራው ያራል፣ ሲበርድ ዓይን አያወጣም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስቱ ለቤት ይቀራሉ፤ ደንበኛ አይቀበላቸውም። ሁለተኛዋ ያላት የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ሊጡን ታዞራለች፣ አክንባሎውን ትከድናለች፣ በሰፌድ ታወጣለች። ቀጣይ። ቀጣይ። ቀጣይ።

ማን ደከመ? የመጀመሪያዋ። ማን ብዙ እንጀራ አወጣ? ሁለተኛዋ። ምርታማነት ማለት ይሄው ነው፤ በአንድ ሰዓት ስንት እንጀራ ወጣ? ላብ አይቆጠርም። እንጀራው ነው የሚቆጠረው።

አልጨረስኩም። ባለ ኤሌክትሪኳን ጠጋ ብላችሁ እዩዋት። ማሰሻው የታለ? ጨርቁ ጓዳ ነው፣ ጎመን ዘሩ መደርደሪያ ላይ። የሊጡ ባልዲ ደግሞ ከጀርባዋ ነው። ለእያንዳንዱ እንጀራ ብድግ፣ ዞር፣ ቁጭ። አንድ ቀን ልጇ መጣና ባልዲውን በቀኟ፣ ማሰሻውን በግራዋ አደረገላት። ምጣዱ ያው ምጣድ። እጇም ያው እጅ። በሰዓት የሚወጣው እንጀራ ግን ጨመረ። ልጁ ካምስት ሳንቲም በላይ ቢያወጣ ይፍረድብኝ። ካይዘን የሚባለው የጃፓኖች አሠራር ከሞላ ጎደል ይሄ ነው።

አሁን ደግሞ መብራት ሄደ እንበል። (እንበል እላለሁ እኔ ደግሞ!) ሊጡ ቁጭ ብሎ ይኮመጥጣል። ያን ቀን ባለ እንጨቷ አሸነፈች። ባለ ኤሌክትሪኳ ሰነፈች? አልሰነፈችም። ችግሩ ከግቢው ውጭ ነው። የመብራቱ፣ የመንገዱ፣ ጤፉ ከአድአ እስኪመጣ የሚቆምበት ኬላ፣ የባንክ ብድሩ። የአገር ተወዳዳሪነት ስንል አብዛኛው የምናወራው ከግቢው በር ውጭ ስላለው ነገር ነው።

እሺ፣ የባለሙያዎቹን ክፍል ቶሎ ቶሎ ልበለው፤ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ጠቅላላ ምርት ለሥራ ሰዓት ሲካፈል የሠራተኛ ምርታማነት ይባላል። በሦስት መንገድ ያድጋል፦ ማሽን ሲጨመር፣ ሙያ ሲሻሻል፣ ሦስተኛው ደግሞ በሁለቱ የማይገለጸው ቀሪው ነው፤ እንደ ባልዲውና ማሰሻው አቀማመጥ ያለው። ሮበርት ሶሎው የሚባለው ኢኮኖሚስት በ1957 የአሜሪካን የ40 ዓመት መረጃ ሲያሰላ፣ በሰዓት የሚመረተው ከጨመረው ውስጥ ከ8 እጅ 7ቱን ያገኘው ቀሪው ውስጥ ነው፤ እሱ ግን ሙያውንም ከቀሪው ጋር ነው የቆጠረው። በ1987 ኖቤል ተሸለመ። አለቀ፣ እንቀጥል።

አሁን ኮመንት ላይ የሚያሳብደኝ ነገር አለ። ስለ ኢኮኖሚ ቪዲዮ በለቀቅኩ ቁጥር ይመጣል። "ችግራችን በዓል መብዛቱ ነው።" "ሐበሻ ሥራ አይወድም።" ላይኩ ደግሞ ብዛቱ! ዛሬ ሳልመልስ አላልፍም።

አንደኛ ሒሳቡ። ምርታማነትን የምናካፍለው ለሥራ ሰዓት ነው። በዓል ሲውል የሥራ ሰዓቱ ይቀንሳል፤ በሰዓት የሚወጣው እንጀራ ግን በራሱ አይቀንስም። ጀርመናዊ ሠራተኛ በአማካይ በዓመት 1,350 ሰዓት እንኳ አይሠራም። ሜክሲኳዊው ከ2,000 ሰዓት በላይ ይሠራል። ሀብታሙ የቱ ነው? እንግዲህ "ሰነፍ" የሚለውን ሰሌዳ ማን አንገት ላይ እናንጠልጥለው?

ሁለተኛውን ነጥብ የምወደው ነው፤ በቆሎ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያ በቆሎ በሄክታር የሚሰጠው 16 ኩንታል ገደማ ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ ከ30 ኩንታል አለፈ። እጥፍ ማለት ነው። ገበሬው ተቀየረ? ያው ገበሬ ነው። ሚካኤል ከ12 ወደ ሌላ ቀን ዞረ? አልዞረም። ገብርኤልም 19 ነው፣ ማርያምም 21 ናት። የተቀየረው ዘሩ ነው፤ ከባኮ ምርምር ማዕከል የወጣው ቢኤች 660 የሚባለው ድቅል ዘር አንዱ ነው። ማዳበሪያው ነው። ቀበሌ ድረስ ገብቶ የሚያሳየው የግብርና ባለሙያ ነው። በእርግጥ ይሄ በመሬት የተለካ እንጂ በሰዓት የተለካ አይደለም፤ አውቃለሁ፣ የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ተረጋጉ። ግን በዓል ሳይነካ፣ "ስንፍና" ሳይታከም ምርት እጥፍ ሆነ።

ሦስተኛ፣ እስኪ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መርካቶ የሚሸከመውን ልጅ አግኙትና "ሥራ አትወድም" በሉት። ከዚያ ኮመንት ጻፉልኝ፣ እጃችሁ ከተረፈ።

አንድ ነገር ግን ልመን። ውድ ማሽን በበዓል ቆሞ ሲውል ኪሳራ አለው፤ የብድሩ ወለድ በዓል አያውቅም። ይሄ ግን በፈረቃ የሚፈታ ነው።

ወደ 26 ዶላሩ እንመለስ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2016 ተመረቀ። ዋናው ደንበኛ ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገርን የያዘው ፒቪኤች ነበር። ለውጭ ባለሀብት የምንነግረው ነገር ምን ነበር? ርካሽ ጉልበት። በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲያጠኑት መነሻ ደሞዙ በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር፤ ባንግላዴሽ 95።

አሁን አስቡት። ልጅቷ ከሲዳማ ገጠር መጣች። አንድ ክፍል ለአራት ተከራየች። ኪራይ፣ ምግብ፣ ሳሙና... ለቤተሰብ የሚላክ ቀርቶ ለራሷም አልበቃትም። እጇ ሲፈታ፣ መስፋቱ ሲገባት፣ ጥላ ሄደች። በምትኳ አዲስ ሰው ይገባል። እንደገና ከዜሮ። ጋጋሪዋ በየወሩ የምትቀየር ከሆነ ማን ምጣዱን ይልመደው? ርካሹ ደሞዝ ራሱ ምርታማነቱን በላው። እኔ በግሌ ይሄ ስትራቴጂ መጀመሪያውኑ የተሳሳተ ነበር ባይ ነኝ። ርካሽነት የሚያስመጣ እንጂ የሚያቆይ አይደለም። ከዚያ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት አጎዋ ከሚባለው የአሜሪካ የንግድ ዕድል ታገድን፤ በጥር 2022 የአሜሪካ ገበያ ከቀረጥ ነፃ መሆኑ ቀረ። ፒቪኤች ገና እገዳው ሳይጀምር፣ ኅዳር ላይ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አሳወቀ። ከርካሽነት ሌላ የያዝነው ነገር አልነበረም።

"እንግዲያው ደሞዝ ይጨመራ!" ትሉ ይሆናል። ሲንጋፖር ሞከረችው። ከ1979 ጀምሮ ለሦስት ዓመት ደሞዝ ሆን ብላ አስጨመረች፤ ርካሽ ሥራ ላይ የተመሠረተው ፋብሪካ ይውጣ፣ ማሽንና ሙያ ያለው ይግባ ብላ። ሐሳቡ ደፋር ነበር። ግን ደሞዙ ምርታማነቱን ቀደመው፤ በ1985 ኢኮኖሚው ሲያሽቆለቁል ከምክንያቶቹ አንዱ ይሄ ነበር። ጎን ለጎን ግን ጃፓኖችን አምጥታ አሠለጠነች፣ ቲሚ የምትባል ንብ መለያ አድርጋ ሕዝቡን ስለ ምርታማነት አስተማረች። ንብ! ለእኛስ የቱ እንስሳ መለያ ይሁን? ኮመንት ላይ ጻፉ። አህያ ያለ አንደኛ ይወጣል።

እኛም ጃፓኖቹን አምጥተናል። ካይዘን በ2009 በ30 ፋብሪካ ተሞከረ፣ በ2011 ኢንስቲትዩቱ ተቋቋመ። አንዳንድ ቦታ በደንብ ሠርቷል። አንዳንድ ቦታ ደግሞ "5ቱ ማዎች" (የሥራ ቦታን የማደራጃ የካይዘን ደንቦች ናቸው) የሚል ባነር ግድግዳው ላይ አለ፣ ከባነሩ ሥር አቧራ የለበሰ የፋይል ክምር አለ። አንድ መሥሪያ ቤት ፋይሌን ሲፈልጉ ሁለት ሰዓት ያስቆሙኝ ባነሩ ሥር ነው። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም፣ ገና ጉዳይ አለኝ።

ብሩስ? በሐምሌ 2024 ምንዛሬው ለገበያ ተለቀቀ፣ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። የምንልከው ነገር ለውጭ ገዢ ረከሰ። ግን ዚፑ፣ ክሩና የማሽኑ መለዋወጫ በዶላር ነው የሚገባው። ቡና ላኪው እና ልብስ ሰፊው ከዚህ ውሳኔ ያገኙት ነገር ለየቅል ነው። ስለ ምንዛሬው ለብቻው የሠራሁት ቪዲዮ አለ፤ ሊንኩ ከታች ነው፣ ርዝመቱን ይቅር በሉኝ።

ቀጣዩ ቪዲዮ ከሞጆ እስከ ጅቡቲ ነው። ከ90 በመቶ በላይ የሆነው የወጪና ገቢ ዕቃችን የሚያልፍበት መስመር ነው። ባቡሩ ከ2018 ጀምሮ ዕቃ ያመላልሳል፤ ታዲያ መንገዱ ለምን አሁንም በከባድ መኪና ይሞላል? እሱን እናያለን። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ደውሏንም ንኩ። በሉ ቻው!