የጠ ቤት ዕፅዋት፦ ጥድ ለምን ከበር ውጭ ቀረ?

[ምስል፦ ሸዋ በር፣ ማለዳ]

ጤና ይስጥልኝ፣ የዚህ ቻናል ቤተሰቦች! ዛሬ ያለሁት ሐረር ነው። ከኋላዬ የምታዩት የጁገል ግንብ ነው፤ የቆምኩትም ሸዋ በር አጠገብ። ገበያተኛው ገና እየገባ ነው። እናቶች ሸክማቸውን ያወርዳሉ፣ ይቀማመጣሉ፣ ይጠራራሉ። የእኔ ዓይን ግን ያረፈው ከአንዲት እናት ዘንቢል ጠርዝ ብቅ ባለች አንዲት እስር ቅጠል ላይ ነው። ጤና አዳም!

ባለፈው ቪዲዮ የጀመርነውም በእሷ ነበር። ላላያችሁት በአጭሩ ልድገመው። ስማቸው በጠ ቤት የሚጀምር ባለ አበባ ዕፅዋት እየሰበሰብን ነው። ጠ፣ ጡ፣ ጢ፣ ጣ፣ ጤ፣ ጥ፣ ጦ፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሁሉንም አንድ ቤት ብለን ቆጥረናል። በግዕዙ ጠጅ ሳር አለ። በኃምሱ ጤፍና ጤና አዳም። በሳድሱ ጥጥ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ጥንጁት። በሳብዑ ጦስኝ። ሰባት ዕፅዋት፣ ሰባቱም የሚያብቡ።

ይህን ጨዋታ የምወደው ፊደል የቆጠረ ልጅ ሁሉ ሊጫወተው ስለሚችል ነው። ደግሞም አንድ ነገር ያጋልጣል፦ ስም ያስጠጋቸው ዕፅዋት በዘር የማይገናኙ ሆነው ይገኛሉ፤ የፊደል ቤት ሌላ፣ የዝምድና ቤት ሌላ።

ጤና አዳምን እንያት። «እናቴ፣ አንዲት ቅጠል ልቁረጥ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ምን አንዲት! እስሩን ውሰድ እንጂ ልጄ» አሉኝ። ይኸውላችሁ። ቅጠሏን ወደ ፀሐይ አድርጌ ስይዛት ጥቃቅን ብርሃን የሚያሳልፉ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ዘይት የያዙ ከረጢቶች ናቸው፤ ቡና ስኒ ውስጥ ስትገባ የምትሸቱት እሱን ነው። አሁን ብርቱካን ልጣችሁ ልጣጩን ተመልከቱ። ያው ነጠብጣብ! ጤና አዳም፣ ብርቱካንና ሎሚ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። በበ ቤትና በለ ቤት የሚኖሩ የሥጋ ዘመዶች አሏት ማለት ነው፤ ከጠ ቤት ጎረቤቶቿ ግን አንዱም አይዛመዳትም። ቢጫ አበባዋንም ስታገኙ ቅጠሎቹን ቁጠሩ። በጭፍራዋ መካከል ቀድማ የምትፈካው አበባ አምስት አላት፣ ሌሎቹ አራት አራት። እባካችሁ ቁጠሩ፣ ቆጥራችሁም ጻፉልኝ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ ጭማቂዋ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል፣ ውኃ እስኪቋጥር ድረስ። ብዙ የቆረጠ ሰው እጁን ይታጠብ።

ጥቁር አዝሙድን ባለፈው ስላየነው አልቆይበትም። ከነጭ አዝሙድ ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ መሆኑን ያዙልኝ። ነጭ አዝሙድ የእነ ድንብላልና የእነ እንስላል ወገን ነው። ጥቁሩ ከሌላ ቤተሰብ ነው።

[ምስል፦ የአስተያየት ጽሑፎች]

አሁን ወደ ክርክሩ። ያለፈው ቪዲዮ ከወጣ ወዲህ ሳምንቱን ሙሉ የደረሰኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ጥድስ?» «ጥድን ረሳኸው!» «ጥድ የጠ ቤት አይደለም እንዴ?» አልረሳሁትም። አውቄ ነው የተውኩት፣ ምክንያቱም ጥድ አያብብም።

ይህን ብዬ ስመልስ ደግሞ አንድ የድሬዳዋ ተመልካች ጠንካራ ሙግት ጻፈልኝ። እንዲህ ይላል፦ «በግቢያችን ጠጅ ሳር ተክለን ዐሥር ዓመት አለፈን። አንድ ቀን አብቦ አላየነውም። ጥድ ግን በየጊዜው ፍሬ ያፈራል፤ ድቡልቡል፣ ሰማያዊ መሳይ ፍሬ። ያላበበውን አስገብተህ ያፈራውን የምታስወጣው በምን ፍርድ ነው?»

ይህ በእውነት የሚያስደስት ጥያቄ ነው፤ ሰውየው ግቢውን ዐሥር ዓመት ተመልክቷል! ስለዚህ ለዛሬ ያሰብኩትን ሁሉ ወደ ጎን አድርጌ ሐረር ድረስ የመጣሁት ለእሱ ለመመለስ ነው። መልሱ እዚህ ከኋላዬ ቆሟልና። ግንቡ ነው መልሱ!

ይህን ግንብ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠራው ዐሚር ኑር ነው። ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ዩኔስኮ ሐረር ጁገልን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ነው። የጥንቶቹ በሮች አምስት ናቸው፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። መኪና የሚገባበት ሐረር በር በኋላ ዘመን የተጨመረ ነው። እንግዲህ በድሮው ዘመን ከሩቅ የመጣ ነጋዴ ናችሁ እንበል። ግንቡን ዘላችሁ አትገቡም። በር ላይ ትደርሳላችሁ፤ ዘበኛው ያያችኋል፤ ከየት እንደመጣችሁ ይጠይቃችኋል። ሌሊት ከሆነ በሩ ዝግ ነው፣ ውጭ ታድራላችሁ። ከተፈቀደላችሁ ደግሞ ያሰባችሁት ቤት ወዲያው አይገኝም። ጠባብ መንገድ አለ፣ ግራና ቀኙ ድንጋይ፤ ትታጠፋላችሁ፣ ትወርዳላችሁ፣ እንደገና ትታጠፋላችሁ። ከዚያ ነው የግቢው በር፣ ከዚያ ነው ቤቱ፣ ከዚያ ነው ባለቤቱ።

ተከተሉኝ፣ እየሄድኩ ላውራችሁ። አሁን በሩን አልፌ ወደ ፈረስ መጋላ እየወጣሁ ነው።

ባለ አበባ ተክል ማለት ይህ ከተማ ነው። በአበባው መሐል የዘር ቤት አለ። ግድግዳ ያለው፣ ዙሪያውን የተዘጋ ቤት። ዘር ለመሆን የሚጠባበቁት ቅንጣቶች ከግድግዳው ውስጥ ናቸው። ከሌላ አበባ በንብ ወይም በነፋስ የመጣው የወንዴ ብናኝ ከውጭ ነው። ብናኙ ግድግዳውን ዘልቆ ዘሯ ላይ አያርፍም። የሚያርፈው በሴቴዋ ጫፍ ላይ ነው፤ ጫፏ በሩ ናት። እዚያ ይመረመራል። የሌላ ወገን ብናኝ ከሆነ እዚያው ይቀራል። ከተፈቀደለት ቀጭን ቱቦ ያበቅላል፤ ቱቦው በአንገቷ ውስጥ እየተሳበ ይወርዳል፤ ልክ እኔ አሁን በዚህ ጠባብ መንገድ እንደምወርደው! ከዚያ ቤቱ ይደርሳል።

ጥድስ? ጥድ ግንብ የለውም። ዘር የሚሆኑት ቅንጣቶቹ በቅርፊቶች መሐል የተገለጡ ናቸው፤ ሜዳ ላይ እንደ ሰፈረ ሰው። ወንዱ ዛፍ ለብቻው፣ ሴቷ ለብቻዋ ይቆማሉ። ጊዜው ሲደርስ ከእያንዳንዷ ቅንጣት ጫፍ አንዲት የፈሳሽ ጠብታ ትወጣለች። ነፋስ ከወንዱ ዛፍ ያመጣው ብናኝ ጠብታዋ ላይ ያርፋል፤ ጠብታዋ ወደ ውስጥ ስትመለስ ይዛው ትገባለች። በር የለም፣ ዘበኛ የለም፣ ጠባብ መንገድ የለም። ከነፋሱ በቀጥታ ወደ ዘሯ።

«ታዲያ ያ ድቡልቡል ፍሬ ዘሩን ሸፍኖት የለም ወይ?» ትሉኛላችሁ። ሸፍኖታል። ግን መቼ? ብናኙ ከገባ በኋላ ነው። ቅርፊቶቹ ያብጣሉ፣ ይሥጋሉ፣ ይገጣጠማሉ። ሜዳ ላይ የሰፈረ ሰው ማታ ሲበርደው ጋቢውን ቢከናነብ ግንብ ሠራ አይባልም። የጥድ ፍሬ የምንለው ጋቢ ነው። የብርቱካን ልጣጭ፣ የጥቁር አዝሙድ ቋት፣ የባቄላ ቆባ ግን ከመጀመሪያው ግንብ ነበሩ።

ይህን ልዩነት ለሳይንስ አጥርቶ ያሳየው ሮበርት ብራውን የተባለ ስኮትላንዳዊ የዕፅዋት ሊቅ ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1827 ባሳተመው ጽሑፍ። ዛሬ ግንብ ያላቸው ከ300,000 ዝርያ በላይ ናቸው። ዘራቸው የተገለጠው 1,000 ገደማ ብቻ። በየአጥሩ የምትተክሉት የፈረንጅ ጥድም ከእነሱ ወገን ነው።

ቱቦው ቤቱ ሲደርስ የሚሆነውን በትምህርት ቤት ስለምታውቁት እሮጥበታለሁ። ሁለት የወንዴ ሕዋሳት ይገባሉ፤ አንዱ ፅንስ ይፈጥራል፣ ሁለተኛው የፅንሱን ስንቅ። ሁለት ጊዜ መጽነስ ማለት ነው። የእንጀራችን ዱቄት አብዛኛው ያ ስንቅ ነው። ይኸው ነው፤ እንቀጥል።

ለድሬዳዋው ወዳጃችን፦ ጠጅ ሳርህ የሳር ወገን ነው። የዘር ቤት ያለው አበባ የማውጣት ተፈጥሮ አለው፤ ነገር ግን በግቢ ሲተከል የሚያብበው እጅግ ከስንት አንዴ ነው። ሰው ሥሩን እየገነጠለ ስለሚያባዛው ማበቡን የሚፈልግበትም የለም። ዐሥር ዓመት ዝም ያለ ሰው ድዳ አይደለም። ጥድ ግን ሺህ ዓመት ቢቆም አበባ የለውም።

ቪዲዮው እየጠቀማችሁ ከሆነ ቻናሉን ተቀላቀሉ፣ ደወሏንም ተጫኑ። ይህን የመሰለ ጥያቄ የሚያመጡልኝ እናንተ ናችሁና።

[ምስል፦ ጥቂት የጤፍ ፍሬ በመዳፍ ላይ]

ለጠጅ ሳር በቤታችን አንድ የሥጋ ዘመድ አለው፦ ጤፍ። ሁለቱም ሳር ናቸው። በሐረርጌ ማሳ ጎልቶ የሚታየው ማሽላ ነው፤ ጤፍ ግን ከየቤቱ አይጠፋም። ሺህ የጤፍ ፍሬ ቢመዘን አንድ ግራም አይሞላም፣ የግራም ሲሦ ያህል ነው። ፍሬው ይህን ካከለ አበባው ምን ያክል እንደሆነ አስቡት! «ጤፍ አያብብም» የሚል ሰው አጋጥሞኛል፤ አልፈርድበትም፣ ማን አይቶት ያውቃል?

ያየው ሰው ግን አለ። ተመራማሪዎች ሁለት የጤፍ ዓይነቶችን ለማዳቀል ሲፈልጉ አበባው ክፍት የሚሆንበትን ጊዜ ማግኘት አልቻሉም ነበር። ጤፍ ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ ሰው እስኪደርስ ሥራው አልቋል። ስለዚህ ከገበሬው ማሳ የተሻለውን ከመምረጥ ያለፈ ብዙ መንገድ አልነበረም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ አጋማሽ ታረቀ በርሄ የተባሉ ተመራማሪ ሰዓቱን አገኙት። የጤፍ አበባ የሚከፈተው ማለዳ ነው፤ ከ12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ጀምሮ እስከ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ። አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም! ይህች ሰዓት ከታወቀች በኋላ ማዳቀል ተቻለ። በየገበሬው ዘንድ ስሙ የታወቀው «ቁንጮ» የዚህ መንገድ ልጅ ነው፤ ከደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል የወጣው በ2006፣ ጁገል በዓለም ቅርስነት በተመዘገበበት በዚያው ዓመት ነው። እኔ ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል። ለዘመናት ስንበላው ከኖርነው እህል ላይ ማንም በወጉ ያላስተዋላት አንዲት የማለዳ ሰዓት!

[ድምፅ፦ የስፌት መኪና]

ይሰማችኋል? መኪና ግርግር ደርሻለሁ። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከዚህ ድምፅ ነው፤ ልብስ ሰፊዎቹ በግራም በቀኝም ናቸው። ጥጥን እዚህ ማንሳት ደስ ይላል። ብዙ ሰው ነጩን ነገር አበባው ይመስለዋል። አይደለም፤ አበባው ቀድሞ መጥቶ ሄዷል። በመጀመሪያው ቀን ነጣ ያለ ክሬም ሆኖ ይፈካል፣ በማግስቱ ሮዝ ይሆናል፣ ከዚያ ይረግፋል። ነጩ ነገር ከዘሩ ቆዳ ላይ የሚበቅል ፀጉር ነው፤ እያንዳንዷ ክር አንዲት ሕዋስ ብቻ ናት። ሲደርስ የዘር ቤቱ ግድግዳ ይሰነጠቅና ጥጡ ይፈነዳል። ግንቡ ሲከፈት የምታዩት ከውስጥ የነበረውን ነው።

የቀሩን ጦስኝና ጥንጁት ናቸው። ጦስኝ የደጋ ልጅ ነው፤ ሻይ ውስጥ ታውቁታላችሁ። ጥንጁትን የወተትና የጠላ ዕቃ ያጠነ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ግንዳቸውን በጣታችሁ መሐል አድርጋችሁ አሽከርክሩት፤ ማዕዘን ይቆረቁራችኋል። አራት ማዕዘን! አበባቸውን ደግሞ ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ የላይና የታች ከንፈር አለው። የበሶብላ ቤተሰብ ናቸው፣ ሁለቱም። ከሰባቱ ጎረቤቶች መሐል በሥጋ የሚዛመዱት እንግዲህ ሁለት ጥንዶች ናቸው፦ ጠጅ ሳር ከጤፍ፣ ጦስኝ ከጥንጁት። ሌሎቹን ሦስቱን ያስጠጋቸው ፊደል ነው።

የጡ፣ የጢና የጣ ቦታ አሁንም ባዶ ነው። በአካባቢያችሁ ስሙ በእነዚህ በአንዱ የሚጀምር ተክል ካለ ስሙን ጻፉልኝ፤ ከተቻለ አበባው ሲፈካ ፎቶ አንሡት። ፎቶው የዘር ቤቱን የሚያሳይ ይሁን።