መኪናው ለምን ግቢ ውስጥ አደረ? የጀማሪ አማካሪ ሥራ በድሬዳዋ

[ምስል፦ የመጋዘን በር፣ በማለዳ። ተሳቢ መኪኖች ተሰልፈዋል።]

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። ድሬ ገና አልሞቀችም። ባጃጆቹ ግን መንገዱን ሞልተውታል። እኔ አንድ መጋዘን በር ላይ ቆሜያለሁ። በእጄ ደብተርና እስክሪብቶ ይዣለሁ። ተሳቢ በገባ ቁጥር ታርጋውንና ሰዓቱን እጽፋለሁ። ሲወጣም እንደዚያው።

ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «የማኔጅመንት አማካሪ ነኝ» እላለሁ። ብዙዎች ይህን ሲሰሙ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው ይታያቸዋል። ስብሰባ ገብቶ ባለሀብቱን «እንዲህ አድርጉ» የሚል ሰው። እሱ አለ፤ ግን እዚያ የሚደርሰው ብዙ ዓመት ሠርቶ ነው። ጀማሪው ያለው በር ላይ ነው። ዛሬ የማሳያችሁ ይህንን የበሩን ሥራ ነው።

የመጀመሪያውን ሥራዬን ልንገራችሁ። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ቁጥሮቹንም ለስሌት እንዲመቹ ክብ አድርጌያቸዋለሁ።

ድርጅቱ ከጅቡቲ ዕቃ ያስገባል። ድሬዳዋ ላይ ያራግፋል፤ ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ ይልካል። ባለቤቱ አንድ ጥያቄ ነበረው። «ግቢው ሁልጊዜ በመኪና የተጨናነቀ ነው። ሁለተኛ መጋዘን ልሥራ?» ብዙ ሚሊዮን ብር የሚበላ ጥያቄ ነው።

[ምስል፦ ካርታ። ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ የሚመጣ መስመር።]

ዕቃ መጥቶ የመቆሙ ነገር ለድሬ ሰው አዲስ አይደለም። ከተማዋ ራሷ የተወለደችው ከእሱ ነው። የጅቡቲው ባቡር መጀመሪያ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ተራራው አላስወጣ አለ። ሐዲዱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1902 እዚህ ተራራው ሥር ደረሰ። መንደሩንም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ነበር ያሉት። ዕቃ ከባቡር ይወርዳል፤ ግመልና በቅሎ ላይ እስኪጫን ይቆያል። በዚያ ቆይታ ዙሪያ ሱቅ ተከፈተ፣ ቤት ተሠራ፣ ከዚራና መጋላ የሚባሉት ሰፈሮች ተቆረቆሩ። የአገሪቱ የመጀመሪያው ነጻ የንግድ ቀጠናም በነሐሴ 2014 እዚሁ ነው የተከፈተው። ስለዚህ «ዕቃው ለምን ቆመ?» ብሎ መጠየቅ እዚህ ከተማ ትልቅ ጥያቄ ነው።

ወደ በሩ እንመለስ።

በአማካሪ ቡድን ውስጥ ሥራው የተከፋፈለ ነው። ላይ ያለው ሰው ሥራውን ያመጣል፣ ከባለቤቱ ጋር ይነጋገራል። መሃል ላይ የቡድን መሪ አለ፤ ጥያቄውን ይበታትነዋል። ጀማሪው ለእያንዳንዱ ትንሽ ጥያቄ መልስ ያመጣል። ለእኔ የደረሰችኝ አንዲት ጥያቄ ናት። አንድ መኪና ግቢ ውስጥ በአማካይ ስንት ሰዓት ይቆያል?

አንድ ቁጥር ብቻ። ቀላል ትመስላለች።

መረጃ ነበራቸው። መኪናው ሲገባ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ የሚዛኑ ኮምፒውተር ሰዓቱን ይመዘግባል። ሲወጣ ደግሞ ጥበቃው መዝገቡ ላይ ይጽፋል። እኔ የሁለት ወሩን መዝገብ ኤክሴል ላይ ገለበጥኩ። ሆቴል ውስጥ፣ ቬንትሌተር ከፍቼ፣ ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። ከዚያ የመውጫውን ሰዓት ከመግቢያው ቀነስኩ።

አንዳንዱ መስመር ኔጋቲቭ ወጣ። መኪናው ሳይገባ ወጥቷል ማለት ነው።

«የጽሑፍ ስህተት ነው» ብዬ አጠፋኋቸው። የቀረውን አማካይ ሠራሁ፤ 15 ሰዓት መጣ። ለቡድን መሪዬ ላክሁት።

[ምስል፦ ሁለት ሰዓቶች ጎን ለጎን። አንዱ 8፡00፣ ሌላው 2፡00 ያሳያል።]

እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ፤ የዚህ ሥራ ዋናው ነገር እዚህ ነው። የሚዛኑ ኮምፒውተር በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚሠራው። ጥበቃው የሚጽፈው በእኛ ሰዓት ነው። በመካከላቸው 6 ሰዓት አለ። አንድ መኪና ጠዋት 3 ሰዓት ገባ እንበል፤ ኮምፒውተሩ 9፡00 ብሎ ይይዘዋል። ከቀኑ 8 ሰዓት ወጣ፤ ጥበቃው 8፡00 ብሎ ጻፈ። እውነተኛው ቆይታ 5 ሰዓት ነው። ኤክሴል ግን ከ8 ላይ 9 ይቀንስና «አንድ ሰዓት ቀድሞ ወጣ» ይለኛል።

ኮምፒውተሩም አልተሳሳተም፣ ጥበቃውም አልተሳሳተም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ከዚህ የባሰው ደግሞ ማጥፋቴ ነው። ያጠፋኋቸው ቶሎ የወጡት መኪኖች ነበሩ። የቀሩት ደግሞ እያንዳንዳቸው ከእውነተኛው ቆይታ አነሱ። አንዱ ስህተት ቁጥሩን ወደ ላይ ገፋው፣ ሌላው ወደ ታች ጎተተው። የወጣው ቁጥር ምንም የማያስደነግጥ፣ እውነት የሚመስል ነበር። የሚያስፈራው እንዲህ ዓይነቱ ቁጥር ነው።

ቀን ላይም ይኸው ጣጣ አለ። የእኛ ሒሳብ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የጅቡቲው ሰነድ በፈረንጅ ወር ይመጣል። ኦክቶበር ብላችሁ ጥቅምት ላይ ብታስገቡት የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት የመስከረም ሆነው ይገኛሉ። ሚዛኑ በቶን ይላል፣ ንብረት ክፍሉ በኩንታል። ይህን የማያጣራ አማካሪ የቱንም ያህል የሚያምር ስላይድ ቢሠራ አትመኑት።

ስህተቱ እንዴት ታወቀ? የቡድን መሪዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «ሂጂና ግቢው ውስጥ ያለውን መኪና ቁጠሪ። ጠዋትም፣ ማታም፣ ሌሊትም።»

[ምስል፦ ሰሌዳ ላይ፦ በሰዓት 1 መኪና × 20 ሰዓት = 20 መኪና]

ምክንያቱ ይህ ነው። ጆን ሊትል የሚባል አሜሪካዊ ምሁር በ1961 (እ.ኤ.አ.) በሒሳብ ያረጋገጠው አንድ ሕግ አለ። ግቢ ውስጥ በአማካይ የሚገኘው ብዛት፣ በሰዓት የሚገባው ሲባዛ በአማካይ ቆይታው ነው። በቀን 24 መኪና ይገባል፤ በሰዓት አንድ ማለት ነው። የእኔ 15 ሰዓት እውነት ከሆነ ግቢው ውስጥ በአማካይ 15 መኪና መኖር አለበት። ለአንድ ሳምንት ስቆጥር 20 ሆነ። ሕጉ ለባንክ ወረፋም፣ ለሆስፒታል አልጋም፣ ለዳቦ ቤት ሰልፍም ይሠራል። እኔ ይህን ሕግ በጣም እወደዋለሁ። ቆጥሮ ማባዛት የሚችል ሰው ሁሉ ሪፖርት መፈተን ይችላል።

ሰዓቱን አስተካክዬ፣ ያጠፋሁትን መልሼ እንደገና ሠራሁ። 20 ሰዓት።

አሁን «ለምን?» መጣ። ማራገፍ ራሱ 3 ሰዓት ነው። የቀረው 17 ሰዓት የት ሄደ? ይህንን ኤክሴል አይነግራችሁም፤ ሰው ነው የሚነግራችሁ።

የንብረት ክፍል ኃላፊው ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው። የመጀመሪያ ቀን «እርስዎ» ብዬ ጀመርኩ። ሳቁ። «አቦ፣ አንተ በዪኝ! ምን አስረጀሽኝ?» አሉ። የድሬ ሰው እንዲህ ነው። እኔ ግን አፌ አልለመደም፤ እስካሁንም አንቱ ነው የምላቸው።

በሁለተኛው ቀን ወረቀቴን አውጥቼ 30 ጥያቄ ደረደርኩ። «ሁሉ ደህና ነው» ብቻ ነበር መልሳቸው። እውነታቸውን ነው። አማካሪ ሲመጣ ሰው የሚያስበው «ሊቀንሱን ነው» ብሎ ነው። ግድግዳቸው ላይ ካይዘን የሚባለው የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴ ወረቀት ተለጥፏል፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ከእኔ በፊት ሰዎች መጥተው አስተምረዋቸው ሄደዋል። አምስተኛዋን ማን አብሯቸው ይሥራት?

ጥያቄውን ተውኩት። ጠዋት ጠዋት አብሬያቸው መቀመጥ ጀመርኩ። ፈጢራ እንበላለን፣ ሻይ እንጠጣለን፣ መኪና ሲመጣ አያለሁ። ከሰዓት በኋላ አልሄድም። ሙቀት ነው፣ ያረፈ ሰው አለ፣ በርጫ ላይ ያለ ሰው አለ። በድሬ ቁም ነገር ከፈለጋችሁ ማለዳ ወይም ፀሐይ ስትበርድ ሂዱ።

በአራተኛው ቀን ራሳቸው አሳዩኝ። አንድ ተሳቢ ገብቶ ቆመ። ሹፌሩ ጥላ ሥር ምንጣፍ ዘረጋ። «ይሄ ነገ ነው የሚራገፈው» አሉኝ። ለምን? «ወረቀቱ አልደረሰማ! ዕቃው መጣ፣ የዕቃው ዝርዝር ከትራንዚተሩ ጋር ቀረ። ዝርዝር ሳላይ እንዴት ልረከብ? ቢጎድል እኔ ነኝ የምከፍለው።» ትራንዚተር የሚባለው የጉምሩክ ወረቀቱን የሚያስጨርስ ሰው ነው። መጋዘኑን ከፍተው አሳዩኝ። ሢሶው ባዶ ነበር።

ግቢው በመኪና የሞላው መጋዘኑ ስለጠበበ አልነበረም። መኪናው ከወረቀቱ ቀድሞ ስለሚደርስ ነው።

ማታ ስላይዱን ስሠራ ከበደኝ። ያገኘሁትን ነገር የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። በተሳሳተ መንገድ ከቀረበ «ንብረት ክፍሉ መኪና ያቆማል» ተብሎ በእሳቸው ላይ ይዞራል። ስለዚህ ነገሩን በመዝገቡ አስደገፍኩት። በስድስት ቀን የገቡትን መኪኖች ሁሉ ይዤ፣ ወረቀቱ የደረሰበትን ሰዓትና መራገፍ የተጀመረበትን ሰዓት ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ወረቀት በደረሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ ማራገፍ ይጀመራል። ንብረት ክፍሉ ማንንም አላስጠበቀም። ይህን ሥራ የምትጀምሩ ልጆች፣ እባካችሁ ይህን ነገር ያዙልኝ፦ አምኖ የነገራችሁን ሰው በሪፖርታችሁ አትጉዱት።

የስላይዱ አጻጻፍ ራሱ ሥርዓት አለው። ባርባራ ሚንቶ የምትባል አማካሪ ማኪንዚ በሚባለው አማካሪ ድርጅት ስትሠራ ያዳበረችው አካሄድ ነው፤ መልሱ መጀመሪያ፣ ምክንያቱ ቀጥሎ። እኛ ደግሞ ሰላምታው፣ ታሪኩ፣ ከዚያ ጉዳዩ ነው ልማዳችን። ሰላምታውን በቃል አደረስን። ወረቀቱ ላይ ግን የመጀመሪያዋ መስመር እንዲህ ትላለች፦ «አሁን ሁለተኛ መጋዘን አያስፈልግም። ሰነዱ ከመኪናው ቀድሞ ይድረስ።»

ባለቤቱ አንብቦ ዝም አለ። ከዚያ «ማን ነው ይህን ያለው?» ብሎ ጠየቀ። «የበሩ መዝገብ» አልኩት።

የተሞከረው ነገር ቀላል ነው። መኪናው ደወሌ ላይ ድንበር ሲያልፍ ትራንዚተሩ የዕቃውን ዝርዝር ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልካል። ኃላፊው ቦታና ጫኝ አውራጅ ያዘጋጃሉ። ዋናው ወረቀት በኋላ ይደርሳል።

[ምስል፦ ያው በር፣ በማለዳ።]

ከአንድ ወር በኋላ ተመልሼ ቆጠርኩ። ለአንድ ሳምንት፣ ጠዋትም ማታም ሌሊትም። አማካዩ 12 መኪና ነበር።

ለመሄድ ስነሳ ጥበቃው መዝገቡን አሳየኝ። ገጹን በማስመሪያ ለሁለት ከፍሎታል። በአንድ በኩል «የእኛ ሰዓት»፣ በሌላው በኩል «የኮምፒውተሩ ሰዓት» ብሎ ጽፎበታል።