ለጊዜው ተብሎ የተገባበት መጋዘን፦ የኦታዋው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሙዚየም

[ምስል፦ የሙዚየሙ የድሮ ፊት]

ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1967 የመቶኛ ዓመት በዓሏን ስታከብር በዋና ከተማዋ ብሔራዊ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሙዚየም ከፈተች። ሕንፃው ግን ለሙዚየም የተሠራ አልነበረም። ሞሪሰን ላሞት የተባለው ዳቦ ቤት ዳቦ የሚያከፋፍልበት መጋዘን ነበር። ወለሉ ሰፊ ስለሆነ ትላልቅ የእንፋሎት ባቡሮችን አስገብቶ ለማቆም ተመችቷል። ሐሳቡ ደግሞ ቋሚ ቤት እስኪሠራ ለጊዜው መቆየት ነበር። ያ ቋሚ ቤት ሳይሠራ ዓመታት ነጎዱ።

[ምስል፦ ያዘመመው ወጥ ቤት]

ከመጀመሪያው ጀምሮ ሕዝብ የወደደው «እብዱ ወጥ ቤት» ነው። ወለሉ ዘሟል፤ ግድግዳው፣ ጠረጴዛውና መደርደሪያው ሁሉ አብረው ዘመዋል። ዓይን ክፍሉ ቀጥ ያለ ነው ሲል፣ የሰውነትን ሚዛን የሚጠብቀው የውስጥ ጆሮ ግን «የለም፣ ዘሟል» ይላል። ሁለቱ ስለማይስማሙ ሰው ይንገዳገዳል። በትንሽ ወጪ ይህን ያህል የሚያስተምር ነገር ማግኘት ከባድ ነው።

[ምስል፦ ውጭ የቆመው ሮኬት]

ግቢው ውስጥ አትላስ የተባለ የአሜሪካ ሮኬት ቆሞ ነበር። የአትላስ ታንክ ከስስ የማይዝግ ብረት የተሠራ ነው፤ ውስጡ የሚሸከመው አጽም የለውም። ቀጥ ብሎ የሚቆመው በውስጡ ባለው የአየር ግፊት ብቻ ነው። ግፊቱ ከወረደ በራሱ ክብደት ይጨማደዳል። ስለዚህ የቆመው ለዕይታ ብቻ ቢሆንም ቀንም ሌሊትም ግፊቱን መጠበቅ ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ለደኅንነት ሲባል ተነሣ።

[ምስል፦ ውሃ የበላው ግድግዳ]

ትልቁ ጉዳት ግን ከውሃ መጣ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 ውሃ ባስገባ ግድግዳ ውስጥ ሻጋታ ተገኘና ሙዚየሙ ተዘጋ። ሻጋታ የሚፈልገው እርጥበትና የሚበላው ነገር ነው፤ ግድግዳ የሚለበጥበት የጂፕሰም ቦርድ የወረቀት ልባስ ይበቃዋል። ከረጠበ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ማደግ ይጀምራል። ዘሩ አየር ላይ ስለሚንሳፈፍ የአየር ማዘዋወሪያው ቱቦ ወደ ሌላ አዳራሽ ያደርሰዋል። ላዩን መጥረግ አያድንም፤ ቦታው በፕላስቲክ ይታጠራል፣ ዘሩ እንዳይወጣ የታጠረው ክፍል የአየር ግፊት ከውጭው ዝቅ ይደረጋል፣ የበሰበሰው ቦርድ ተቆርጦ ይወጣል። ከሁሉ በፊት ግን ውሃው የገባበት ቀዳዳ መደፈን አለበት፤ አለዚያ ሻጋታው ይመለሳል። ባለሙያዎች ጠለቅ ብለው ሲያዩ ጣሪያውም አርጅቷል። ጣሪያ መጠገን ሪባን የሚቆረጥበት ሥራ አይደለም፤ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚዘለለውም እሱ ነው።

መንግሥት ከዚያ በኋላ 80.5 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር መደበ። ሕንፃው እስከ ብረት አጽሙ ድረስ ተፈትቶ እንደገና ተሠራ፤ ሙዚየሙም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 ተከፈተ። ወጥ ቤቱ አሁንም አለ። ለሕዝብ የማይታየው አብዛኛው ቅርስ በኪራይ መጋዘኖች ይቀመጥ ነበር፤ ለእሱ ደግሞ ከሙዚየሙ አጠገብ ሌላ ማከማቻ ተሠራለት።